ተካልኝ ችሎት የደፈረባት ቃል

ሥጋ ሻጩ ተካልኝ ሕግ ይወዳል፤ ይሄው ነው ጉዱ። አከራዩ ሙቱሪ፣ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበትን ሥጋ ቤት ሊያፈርስበት ሲነሳ እንኳ ጠብ አላነሳም። ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም ቤቱን እንዳይነካ የሚል ትእዛዝ አወጣና በሩ ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ተኝቶ አደረ፣ የዋሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሙቱሪ መዶሻ የያዙ ስድስት ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። ተካልኝ ሽንጥ እየበለተ ነበር። ከነቢላው ወጣ፤ ግን ሕግ የሚጠራ ሰው ስለት አይዝም ብሎ ወደ ጎን ወረወረው።

«በሕግ አምላክ!» አለ።

አገር ቤት ይህን የሰማ ሰው የሰነዘረውን ዱላ አየር ላይ ያቆማል። እነዚህ አማርኛ አያውቁም። የመጀመሪያው መዶሻ ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ሚስቱ ሙሉመቤት ከውስጥ ሰማች። ሁለተኛው የፊት ጥርሶቹን አረገፈ። ሙቱሪ ወረቀቱን ከበሩ ገንጥሎ ደም የሞላው አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው። ሙሉመቤትን በፀጉሯ ጎትተው አስፋልት ላይ ጣሏት። ከዚያ ግድግዳው ወረደ።

ተካልኝ አሁንም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ትእዛዝ የጣሰው ሙቱሪ ከረባቱን አስሮ ቀረበ።

«ሰውየው ሰክሮ ነው የወደቀው» አለ።

ተካልኝ ደሙ ፈላ። ክንዱ በጀሶ እንደታሰረ ብድግ አለና ወደ ሙቱሪ «በሕግ አምላክ! ዝም በል!» ብሎ ጮኸ። ዳኛዋ ልክ ያኔ መናገር ጀምረው ነበር። አስተርጓሚው ኤልናታን ናይሮቢ ያደገ ነው፤ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። «በል» ለአንድ ወንድ ብቻ እንደሚባል፣ ለዳኛዋ ቢሆን «ይበሉ» ይባል እንደነበር እንግሊዝኛው አልያዘም። ዳኛዋ ለእሳቸው የተባለ መሰላቸው።

«ይቅርታ ጠይቅ» ተባለ።

«ምን አጠፋሁና?» አለ ተካልኝ።

ጎረቤት በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ሙቱሪ ላይ ትእዛዝ በመጣስ የሠላሳ ቀን እስራት አስፈረደበት። ተካልኝ ችሎት በመድፈር ሦስት ቀን ተፈረደበት። ወደ ወህኒ እስኪወሰዱ ድረስ ሁለቱንም ፍርድ ቤቱ ሥር ያለ አንድ ክፍል አስገቧቸው።

እዚያ የነበሩ እስረኞች የሙቱሪን ጫማ ፈለጉ። እምቢ አለ። ጥለው ይረግጡት ጀመር፤ አንዱ ተረከዙን አፉ ላይ አሳረፈ።

«ምዜ» አለ ሙቱሪ በስዋሂሊ፣ ‹አባቴ› እንደ ማለት፣ ደም እየተፋ፤ «ያቺን ቃልህን በልልኝ። ጩህላቸው።»

ቃሏ ተካልኝ ምላስ ላይ መጣች። ዕድሜ ልኩን ለማንም፣ ለሌባም ሳይቀር ሲጠራት ኖሯል። ዋጣት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አፈረ፤ ግን ወደ እነሱ መልሶ አልዞረም። ከኋላው አጥንት ቀጭ ሲል ድምፁን አወቀው።