የአሞኒያ ቅርጽ

መካነ ብርሃን ኬሚስትሪ ሳስተምር ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተና ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘጋ። ሲከፈት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የተመለሱት ግማሽ አይሞሉም። አንዷ ጥቁር ሻሽ አስራ መጣች፤ ታላቅ ወንድሟ በዚያ ተኩስ ተገድሏል። ምን እንደምላት ስላላወቅሁ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

"አሞኒያ" አልኩ። "መሀል ናይትሮጅን፣ ዙሪያውን ሦስት ሃይድሮጅን። አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ደግሞ ከማንም ጋር ሳይተሳሰር ናይትሮጅኑ ላይ ይቀራል። ቅርጹ ሦስት እግር እንዳለው በርጩማ ነው።"

ጥቁር ሻሽ ያሰረችው እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሃይድሮጅኖቹ ሦስት ከሆኑ ምነው ዝርግ አልሆነም?"

"ለፈተናው መልሱን ብቻ ያዢ" አልኳት። ያመለጠን ትምህርት ብዙ ነበር፤ እኔም ተሰላችቼ ነበር።

በማግስቱ አንድ ትልቅ ድንች ላይ አራት ስንጥር እርስ በርስ አራርቃ ሰክታ መጣች። የሦስቱ ጫፍ ላይ ትንንሽ ድንች ነበር፤ አራተኛው ባዶ ነው።

"ያልተሳሰረው ጥንድ ይኸ ነው። እሱም ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሦስቱን ገፍቶ ያቀራርባቸዋል። ልክ ነኝ?"

"ሸጋ አድርገሽ ሠራሽው" አልኳት። አፈርኩ። የዚያን ቀን ክፍሉን ያስተማረችው እሷ ናት።

ብሔራዊ ፈተናው የሚሰጠው ጎንደር ነበር፤ መንገዱም አያስተማምንም። ከመሄጃው ቀን በፊት እናቷ ልጃቸውን ይዘው መጡ።

"መምህር፣ አንዱን ቀብሬያለሁ። ይችንም መንገድ ሊበላብኝ ነው? አትሂጂ በሉልኝ።"

ልጅቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው።

"እናትሽን ስሚ" አልኳት።

ሌሎቹ ሄዱ፤ ተፈትነውም በሰላም ተመለሱ። የዚያን ሰሞን ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

"የሞለኪውል ቅርጽ መጥቶ ነበር?"

መጥቷል፤ ልጆቹ ነግረውኛል። "አልመጣም" አልኳት።

"እንኳን" አለችና ሄደች።

መንገዱ ሲረጋጋ ጎንደር ወርዳ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆነች። በዓመቱ ለፈተና ተመዝገቢ ብዬ ላክሁባት፤ መልስ አልላከችም። እናቷን ገበያ አገኘኋቸው። የተሸከሙትን ገብስ መሬት አውርደው እጄን ያዙ።

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር፤ ልጄን አተረፉልኝ" ብለው ሳሙት። እጄን መሳብ አቃተኝ።