የአባባ አውራ ጣት

ልደታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተጋድሜያለሁ። ሐኪሙ ከደነዘዘው አውራ ጣቴ ሥር ቀጭን መርፌ ሲያስገባ የነርቭ መመርመሪያው መሣሪያ ተንጣጣ። ድምፁ ቁርጥ የአባባን የስፌት መኪና ነው።

አባባ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናውን አቁሞ አውራ ጣቱን በመርፌ ይወጋል። ደሙ ጠብ ሲል እንኳ ፊቱ አልተኮማተረም።

«አያምህም እንዴ አባባ?»

«ምነው ባመመኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

አልገባኝም። ለእማዬ ባልነግርም፣ «የእኔን አባት መርፌ አያመውም» እያልኩ ሰፈሩን ዞሬ ጉራዬን ነዛሁ። በዓመቱ መቀስ መያዝ አቃተው።

«ይሰማዎታል?» አለ ሐኪሙ።

ጣቴን አየሁት። ደም ጠብ ብሏል።

«እስቲ ጠንከር አድርገው ይውጉኝ» አልኩት።