ሙሚናን ላመጣ ወደ አሳይታ

አዋሽ፣ ማለዳ

ከአዋሽ የተነሳሁት አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ይዤ ለመመለስ ነበር። ቀድሞ እዚህ ያስተማሩኝ መምህር ሰይድ ወደ አሳይታ ከተዛወሩ ቆይተዋል። ሙሚና የምትባል ተማሪያቸው ሰሌዳ ማየት ስለማትችል፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊያሰናብታት መሆኑን በሰው ነገሩኝ። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ደጋ ያለ አንድ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ጠይቄ ሊቀበላት ፈቅዷል። የቀረው አባቷን ማሳመን ነው። ባቡር ጣቢያ የሚሠራው አባቴ የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣ ወደ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና አሳፈረኝ።

ገዋኔ፣ ቀትር

መንገዱ ግራር፣ አቧራና የግመል መንጋ ነው። ገዋኔ ላይ ከወሎ የመጡ አንዲት ሴት ቤት በሁለት ብር የፍየል ቅቅል በላን። ልንነሳ ስንል አብሮን የተሳፈረው የአፋር ሽማግሌ ከአንድ መንገደኛ ጋር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሏል። ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋም ዞር ብሎ አላየውም።

«ተወው፣ ዳጉ ይዘዋል» አለኝ ሾፌሩ። «ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረዋል። ያላየውን አላየሁም ይላል። እንዳንተ የከተማ ወሬ መሰለህ? አንዴ የቀጠፈ ሰው ሁለተኛ ሰሚ የለውም።»

ማታ ላይ ሰመራ ከሚሉት ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ደርሰን የአሳይታ መገንጠያ ላይ ወረድኩ። አንድ ቤት እንኳ አይታይም። «እዚህ የሚወርድ ሰው ዛሬ አየሁ» ብሎ ሳቀ ሾፌሩ፤ «ዘመድህ ጊንጥ ነው?» ደግነቱ ወዲያው አንዲት ፒካፕ አግኝቼ አሳይታ ገባሁ።

አሳይታ

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ኋላ ተቀመጥኩ። ሙሚና ቀጠን ያለች የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ከፊት ለብቻዋ ተቀምጣለች። መምህር ሰይድ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳውን ሞሉት፤ ሌሎቹ ገለበጡ፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

«ጥሩ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ግን ወደ ኋላ ቀርታለች» አሉኝ ስንወጣ። «የአጎቷ ልጅ ዓይሻ አጠገቧ ነበረች። ሲያንሾካሽኩ ክፍሉን ረበሹብኝና ለያየኋቸው።»

ስብሰባው

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴውና የአገር ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀመጡ። ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቱ የተዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። የሙሚና አባት ሁመድ በጥሞና ሰማኝ።

«እዚያ አፋርኛ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ልጄ ዳጉ ከማን ትቀበላለች? ለማንስ ትሰጣለች?»

የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ነገር እዚያው ተውኩት። ሊቀ መንበሩ ግን ቸኩለዋል። «ጓድ ሁመድ፣ ሰሌዳ አታይም። ትምህርት ካልገባት ቦታውን ለሌላ ልጅ እንስጥ።»

«የገባትን ራሷን ጠይቋት» አለ ሁመድ።

ሙሚና ተነሳች። «ዛሬ መምህር ገቡ። አሳላቸው። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ እዚሁ እኛ አገር ሐይቅ ገብቶ ያልቃል አሉ። ዓሊ ሳቀ። ጆሮውን ተቆነጠጠ።» ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። «ከዚያ ጠመኔው ጮኸ። ብዙ ጮኸ። ምን እንደተጻፈ አላየሁም። የነገረኝም የለም።»

«በቃ፣ ይኸው ራሷ መሰከረች» አሉ ሊቀ መንበሩ።

አንድ ሽማግሌ በትራቸውን አነሱ። «ዳጉ አይቆረጥም! ትጨርስ።»

«ብቻዬን ከመቀመጤ በፊት ግን» አለች ሙሚና፣ «መምህር ሰሌዳው ላይ የወንዞች ስም ጻፉ። ዓባይ፣ ተከዜ፣ ባሮ፣ ኦሞ፣ ዋቢ ሸበሌ። ተከዜን አጥፍተው እንደገና ጻፉት።»

«ሳታዪ በምን አወቅሽ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ዓይሻ ነግራኝ ነዋ!»

መምህር ሰይድ ቆባቸውን አወለቁ። «ወላሂ፣ የዚህችን ልጅ ሰሌዳ የወሰድኩባት እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይሻ ቦታዋ ትመለስ። እኔም የምጽፈውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።»

ኮሚቴው ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ድረስ እንድትማር ፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ውጤቷ ይወሰናል። ሁመድ «አልሐምዱሊላህ» አለና ጨበጠኝ። በሚቀጥለው ቀን ከመነሳቴ በፊት በክፍሉ መስኮት አየኋቸው። ዓይሻ ወደ ሙሚና ጆሮ ጎንበስ ብላለች፤ ማንም አልተቆጣትም።

አዋሽ፣ መመለስ

በጨው ጫኝ መኪና ስመለስ ያሰብኩት ስለ ራሴ ሥራ ነው። አንድ ቀን ጠመኔ እይዛለሁ። ለማያይ ልጅ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት ከመፈለጌ በፊት፣ በዚያው ክፍል ምን እንደሚደርሰውና ምን እንደሚቀርበት እሱን መጠየቅ እንዳለብኝ ተማርኩ። የሙሚና ፈተና ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ከኋላዬ ፈለገ። «ልጅቷስ? የት ተውካት?»

«ክፍሏ ውስጥ» አልኩት።

እናቴ ለእንግዳዋ ያነጠፈችውን ፍራሽ አጠፈች።