ከብረት መሳቢያ ውስጥ የሚጠራ ስልክ

ገመድ አልባ ስልክ ለመትከል መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እግር ይበቃል። ከግድግዳው መስመር ጋር የሚገናኘውን ዋናውን ሳጥን፣ ቤዝ የምንለውን፣ አንድ ቦታ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ቀፎውን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ቢሮውን ከጥግ እስከ ጥግ ትዞራለህ። ድምፁ የተቆራረጠበት ቦታ ላይ ቆመህ ትራገማለህ፣ ተመልሰህ ቤዙን ትንሽ ታንቀሳቅሳለህ፣ እንደገና ትዞራለህ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነኝ። ሌላው ሰው አንዴ ዞሮ "በቃ ይሠራል" ብሎ መሰላሉን ሲያጥፍ እኔ ገና ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ "ሃሎ፣ ይሰማል?" እያልኩ ነው።

የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። የነጋዴ ዕቃ ከወደብ ተነስቶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ መጋዘን እስኪገባ የምንከታተለው እኛ ነን። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የሚደውልልን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃዬ የት ደረሰ? የእኔ ድርሻ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ሲኖርም ቧንቧው ነው። ለብዙ ዓመት ካዛንቺስ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበርን። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ቪላውም አብሮ ተነሳ፤ እኛም ከቂርቆስ ወደ ላንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተከራየን። አከራያችን ለግድግዳቸው እንደ አራስ ልጅ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ሚስማር አይመታም፣ ድሪል አይታሰብም፣ ገመድ መጎተትማ ከነጭራሹ አይነሳም። ሥራ አስኪያጃችን ሁለት ቀን ተከራከሩና ተሸንፈው ተመለሱ። "እንግዲያው ገመድ አልባ ይሁን" አሉኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ ነበር። እሳቸው ግን አንዴ ማስላት ከጀመሩ አያቆሙም። ሁሉም ሠራተኛ ቀፎ ከያዘ የራሱን ስልክ ራሱ ያነሳል፤ ራሱ ካነሳ ደግሞ ኦፕሬተር ምን ይሠራል? አንድ ሳምንት እንሞክረው፣ ከሠራ በወሩ መጨረሻ እትዬን እናሰናብታለን አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የአዲሱ ሕንፃ ኪራይ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር።

እትዬ የስልክ ኦፕሬተራችን ናቸው። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም፤ እትዬ ብቻ ነው። በቪላው በር አጠገብ ተቀምጠው "አቤት፣ ማን ልበል?" ሲሉ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ተይዞበት ሊሳደብ የደወለ ነጋዴ እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ ስሙን ይናገራል። እሳቸው ንዴቱን ሰምተው፣ ቤተሰቡን ጠይቀው፣ ካበረዱት በኋላ ነበር ለእኛ የሚያስተላልፉት። ጡረታቸው ጥቂት ዓመት ቀርቶታል። ቤታቸው ከቪላው ጀርባ ነበር፤ እሱም በዚያው ሰሞን ፈርሶ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አሁን ሥራ የሚመጡት በሁለት ታክሲ ነው።

ቢሮ ውስጥ ወሬ አይደበቅም። ቤዙን ኮሪደሩ መሀል ካለው የእንጨት መደርደሪያ አናት ላይ ሳስቀምጥ እትዬ መጥተው መሰላሉን ያዙልኝ። ሁሉንም ሰምተዋል።

"ልጄ፣ አሳምረህ ሥራው" አሉኝ። "ለእኔ ብለህ እንዳታበላሸው። ሰፈሬ ሄዷል፤ ወንበሬም የሚሄድ ከሆነ በክብር ይሂድ።"

አንጀቴን በሉት። እሺ ብዬ ወደ ቤዙ ዞርኩ። በልቤ ግን ሁለቱንም አደርጋለሁ አልኩ፤ ስልኩም ይሠራል፣ እሳቸውም አይሄዱም። እንዴት እንደሚሆን ባላውቅም እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም።

ሥራውን አሳመርኩት። ስድስቱን ቀፎ አንድ ሙሉ ቀን ቻርጅ አደረግኳቸው፤ ሰው ሁሉ ከካርቶን አውጥቶ ወዲያው ማውራት ይፈልጋል፣ ባትሪው የሚበላሸው በዚያ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ከቤዙ ጋር አስተዋወቅኳቸው። የቤዙን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭኖ መያዝ፣ ቀፎውን መመዝገብ፣ የሚስጥር ቁጥሩን መስጠት፣ ጢጥ ሲል መልቀቅ። እንዳልኩት ከጥግ እስከ ጥግ ዞርኩ። ሊፍቱ አጠገብ ያለው ኮንክሪት ድምፁን ቢውጠው ቤዙን አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ገፋሁትና ተስተካከለ። መብራት ሲጠፋ ቤዙ አብሮ እንዳይሞት የኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ሰጠሁት። ባልደረቦቼ ቀፎ ይዘው በየኮሪደሩ እየተንጎራደዱ እርስ በርሳቸው ይደዋወሉና ይስቁ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንደሚባለው ነው። እትዬ በባዶ ጠረጴዛቸው ተቀምጠው ያዩናል። የድሮው ባለገመድ ስልካቸው ተነቅሎ መጋዘን ገብቷል፤ ቀፎ አልተመደበላቸውም።

የሙከራው ሳምንት ሰኞ ጀመረ። ገና ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጁ በሞባይላቸው የደንበኛ እሮሮ ሲሰሙ አረፈዱ። ቢሮ ይደወላል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። "ስልክህ አይሠራም" አሉኝ። እኔ የተከልኩት ስልክ? ሞባይሌን አውጥቼ የቢሮውን ቁጥር ደወልኩና ኮሪደሩ መሀል ቆሜ አዳመጥኩ። ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ የሚመስል የስልክ ድምፅ መጣ። ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። የሚጠራው ከብረት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጉምሩክ ከሄደው ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። በእኛ ቢሮ ዕቃ በፊርማ ነው የሚሰጠው፤ ፈርመህ የወሰድከው ከጠፋ ከደመወዝህ ይቆረጣል። ንብረት ክፍላችን ቀፎዎቹን ያደለው እያንዳንዱን ሰው እያስፈረመ ነበር። ወንበርህን ማንም አይሰርቅህም፤ ኪስ የሚገባ ስልክ ግን ያስፈራል። ስለዚህ ሁሉም ከመቀመጫው በተነሳ ቁጥር፣ ለሽንትም ይሁን ለሻይ፣ ቀፎውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ማታ ደግሞ ቻርጀሩ ላይ ማሳደር የሚደፍር የለም፤ ያው ይቆለፍበታል። ብረቱ ውስጥ የተቀበረ ቀፎ ሌሊቱን ሙሉ ቤዙን ሲፈልግ ያድርና ጠዋት ባትሪው አልቆ ይገኛል። ሒሳብ ሠራተኛችንማ በመቆለፍ ብቻ አልረኩም። እንደ ሳሎናቸው ሪሞት በላስቲክ ጠቅልለው በጎማ አስረውታል። ላስቲኩ እንዳለ ቻርጀሩ ላይ ያስቀምጡታል፣ አይነካካም፣ አይሞላም፣ እሳቸውም ቀፎው ፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሞተ ነው ብለው ይምላሉ። ይዘህ እንድትዞር የተሠራን ስልክ ከጠረጴዛ ስልክ ይበልጥ አሠርነው። ልስቅም ልናደድም አማረኝ፤ ሁለቱንም አደረግኩ።

ንብረት ክፍል ገብቼ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስድስቱንም በእኔ ስም አዙሩልኝ አልኳቸው። ቢጠፋብህስ ሲሉኝ፣ ይጠፋብኛላ አልኩ። ማታ ማታ ሰብስቤ ቻርጀር ላይ የማሳድረው እኔ፣ ቢጠፉም የምጠየቀው እኔ። ባልደረቦቼ እፎይ አሉ። መሳቢያዎቹ ተከፈቱ፣ ላስቲኩም ከብዙ ልመና በኋላ ተፈታ። ሐሙስ ዕለት ስድስቱም ቀፎ ሙሉ ባትሪ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አደባባይ ወጣ። ኮራሁ፤ ኩራቱ ግን አልጣመኝም። ስልኩ በትክክል በሠራ ቁጥር እትዬ ወደ በሩ እየተጠጉ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወሎ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ደንበኛችን ቢሮ ሄዱ። ኋላ እንደነገሩን አዲሱን አሠራር ሊያሳዩአቸው ፈልገው ነው። "አሁን ቢደውሉ ማንኛችንም እናነሳልዎታለን" ብለው በሞባይላቸው ድምፅ ማጉያ የቢሮውን ቁጥር ደወሉ።

እኛ ዘንድ ስድስቱም ቀፎ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ስልኩን ያነሳ ሰው ጉዳዩንም አነሳ ማለት ነው፤ የማን ኮንቴይነር የት እንደተያዘ ሳታውቅ ሃሎ ካልክ ቀኑን ሙሉ የዚያ ሰው ባለዕዳ ሆነህ ትውላለህ። ሁሉም ጎረቤቱ ያነሳዋል ብሎ ይጠብቃል። አንዱ ወረቀት አገላበጠ፣ ሌላዋ ኮምፒውተሯ ላይ አፈጠጠች፣ ሒሳብ ሠራተኛችን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ስልኩ ይጠራል። ቀስ በቀስ ግን ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ አንድ ቦታ ማየት ጀመርን፤ ወደ እትዬ። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ጠረጴዛቸውን ነበር የሚያዩት።

አንዱ ቀፎ እኔ እጅ ውስጥ ነበር። ማንሳት እችል ነበር፤ ብዙ ጊዜም አነሳለሁ። ያን ቀን ግን ተነስቼ ሄድኩና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። "እትዬ፣ ስልክ ነው" አልኳቸው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ቀፎውን አዩ። አረንጓዴዋን ቁልፍ አሳየኋቸው።

"አቤት፣ ማን ልበል?" አሉ።

ከወዲያ በኩል ሥራ አስኪያጁ ከመናገራቸው በፊት ደንበኛው ድምፃቸውን ለይተው ሰላም አሏቸው። እትዬ ሳቅ አሉ፣ የደንበኛውን ባለቤት ጉልበት ጠየቁ፣ ደህና መሆኑን ሲሰሙ ተመስገን አሉ። ከዚያ ስለ ዕቃቸው የሚነግራቸውን ሰው በጣታቸው ጠርተው ቀፎውን አቀበሉት።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሁላችንም ባለንበት ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ደንበኛው ምን እንዳሏቸው ሳይደብቁ ነገሩን፦ "ቢሮ ብትቀይሩም እሳቸውን አልቀየራችሁም፤ እኔስ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ሄደዋል ብዬ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለእትዬ ሰባተኛ ቀፎ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ይቻላል አልኩ። ስታዲየም ዙሪያ ያሉት ሱቆች ሳይዘጉ ገዝቼ ተመለስኩ፣ ከቤዙ ጋር አስተዋወቅኩት፣ ጥሪ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ብቻ እንዲጠራ አደረግኩት። ስለ ማሰናበት ከዚያ ወዲህ የተነሳ ነገር የለም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃችንን ከፍተን ኋለኛው ክፍል ተቀምጠን ሳለ እትዬ ቀፎውን ሹራባቸው ኪስ ከተው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ እዚህ ቢሮ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እትዬ ከሰው ጋር ምሳ ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ስልኩ ከበሩ አይነቀልም፣ እሳቸውም ከስልኩ አይነቀሉም ነበር። ወንበር ለቀቅንላቸው። ቢጠራስ ሲሉኝ እዚሁ ያነሱታላ አልኳቸው። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፣ ትንሽ ቀመሱ፣ ዙሪያውን አዩን።

"እዚያ በር ላይ ሆኜ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሳቃችሁን እሰማ ነበር" አሉ። "በምን እንደምትስቁ ግን አላውቅም።"

ሒሳብ ሠራተኛችን የላስቲኩን ነገር ከመጀመሪያው አንስተው፣ በራሳቸው ላይ እየቀለዱ፣ ለእትዬ ይነግሯቸው ጀመር።