ከመንገዱ በታች የቀረው ገብስ

ባለፈው በጋ በአምበር በኩል ሳልፍ መንደራችንን ያጠጣ የነበረው ምንጭ ደርቆ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ወርሶት፣ ሴቶች ከቦኖው ፊት ጀሪካን አሰልፈው አየሁ። ውሃና የእርሻ መሬት በዓለም ሁሉ እየጠፉ መሆናቸውን ዘወትር እሰማለሁ፤ ያን ቀን የታወሰኝ ግን አንድ ማሳ ነው። የማቀርበው ምስክር ሁለት ነው፦ የራሴ ዓይንና ሟች እኅቴ። ዓይኔ ያኔ በልጅነቴ በቅናት የታመመ ነበርና ቃሉን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል።

ጣሊያን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያወጣውን መንገድ ሲቆርጥ ግማሽ ማሳችን ከድንጋይ በታች ቀረ። ቦያችንም ተሰብሮ ውሃው ሁሉ ከመንገዱ በላይ ወዳለው ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ተገኘ ማሳ ዞረ። ቀድሞ ጥላ እየለካ ለየቤቱ ተራ የሚሰጥ የውሃ አባት ነበረን። አባቴ አቤት ቢሉት፣ “ተራ ለቦዩ ነው፤ ቦዩ ከሌለ ተራ የለም። የሰበረውም ተገኘ አይደለም” ብሎ ፈረደ። ከተራ ውጭ ውሃ መለመን ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነበር።

የበጋ ገብሳችን ሳያሽት ገረጣ። የአያ ተገኘ ልጅ ሙላት፣ እኩያዬ፣ ከለምለሙ ማሳቸው ዳር እንኩቶ እየጠበሰ ይጠራኛል።

“ና እንጂ፣ እግርህን ታጠብ! እናንተ ዘንድ እንኳን ገብሱ እንቁራሪቱም ተሰዷል።”

“ጣሊያን የቆረጠልህ ውሃ ነው፤ ምን ያኮራሃል?”

“ቢሆንስ? እንኩቶው ይጣፍጣል።”

ተቀብዬ በላሁ። መጣፈጡ ራሱ አናደደኝ።

“የሰው ማሳ አትይ፣ ልጄ” አሉኝ አባቴ። “ዓይን ዝናብ አይጠራም።” እኔ ግን ማየቱን አልተውኩም።

ለምለምነቱን መንገዱን ይጠብቅ የነበረው የጣሊያን ጦር ሰፈር ሰዎችም አይተውት ኖሯል። አንድ ጠዋት በቅሎዎቻቸውን አሰማሩበት፤ ቀጥሎም ለግጦሽ አጠሩት። አያ ተገኘ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ሙላት ወደ እኔ ዞሮ፣ “እንግዲህ እግርህን የት ትታጠባለህ?” አለኝ። ልንስቅ ሞከርን፤ አልሆነም። የሚገርመው ቅናቴ ያን ቀንም አልለቀቀኝም፤ ጠላት እንኳ የሚመኘው ማሳ ስለነበራቸው ቀናሁ።

የእኛ ገብስ ቀጭንም ቢሆን ደረሰና ክረምቱን አሻገረን። እኅቴ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ማሳው እስኪወሰድ ድረስ አያ ተገኘ ማንም ሳይለምናቸው በየማለዳው በመንገዱ ሥር አሳልፈው ውሃ ይለቁልን ነበር። እርግጥ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ትልማችን ረጥቦ እግሬን ጭቃ ይይዘው እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያኔ አባቴን ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ “ጤዛ ነው።”

ጤዛ ያን ያህል ያረጥብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።