በግርማቸው ስም የተከፈቱ ኮምፒውተሮች

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የሠራው ፕሮግራም ደንበኛው ጋ አልነሳ ብሎ ሁላችንም ስንራወጥ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» አለኝ። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። ታዲያ ላፕቶፕህን ለደንበኛው ስጠውና ባዶ እጅህን ቁጭ በላ፣ አልኩት። አኮረፈ። እኔም ደሜ እንደፈላ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ግርማቸው ትዝ አለኝ። ስንት ዘመን ያላሰብኩት ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ፊቴ ተገተረ።

ነቀምቴ የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። የዳንግላ ልጅ ነኝ። ኦሮምኛዬ «አካም ጅርታ» በሚለው ሰላምታ ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል፤ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እያደረጉ፣ እየሳቁብኝም ያስተምሩኝ ነበር። የተመደብኩት ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚያከፋፍል አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር ግርማቸው ይባላል። ዶክትሬቱን ሊጀምር ገና እያሰበ ነበር፤ ማዕረጉ ግን ቀድሞት ደርሷል። ያኔ ፊት ለፊት አንቱ እንለው ነበር። አሁን እኔም ጸጉሬ ሸብቷል፤ አንቱታውን አንስቼበታለሁ።

በፕሮጀክቱ ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር ነበረ። ቶለሳ የሚባል፣ ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ የሂሳብ መምህር፣ ተማሪዎቹ የእንግሊዝኛውን የፕሮግራም ትእዛዝ ትርጉሙን ሳያውቁ እንደ ጸሎት ሲደግሙ ያይና ይቃጠላል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ትእዛዞቹን በኦሮምኛ ጻፈላቸው። ልጆቹ በዚያው ክፍለ ጊዜ ገባቸው። ከዚያ ነው ለተማሪዎች የሚሆን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ እንሥራ ያልነው። ስሙን «ጀልቀባ» አልነው፤ መጀመሪያ ማለት ነው። ልጁ «በሬሲ» ብሎ ሲያዝዘው ይጽፋል። ቃላቱን ቶለሳ መረጠ፣ ውስጡን እኔ ሠራሁ፣ ስብሰባውን ግርማቸው መራ።

ኮምፒውተሮቹ የእርዳታ ስለነበሩ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ዊንዶውስ ነው፣ አንዱ ሊኑክስ ነው፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። ስለዚህ ቋንቋውን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ እዚያው መገንባት ነበረብን። ለዚህ አንድ የመገንቢያ ፋይል ያስፈልጋል፤ የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም፣ በምን መሣሪያ እንደሚገጣጠም ለማሽኑ የሚነግረው። ፋይሉን ልጽፍ ስነሳ ግርማቸው «ዋናው ነገር ስለሆነ እኔ እይዘዋለሁ» አለ። ከሥራው ሁሉ በእጁ የነካው እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም አበላሸው።

ፋይሉን ስከፍተው የጻፈው የቋንቋውን አሠራር ሳይሆን የራሱን ላፕቶፕ ነበር። እያንዳንዱ መስመር ማሽኑን ወደ ግርማቸው ቤት ይልካል፦ ግርማቸው የሚባለው ማህደር ውስጥ ግባ፣ ከዚያ «አዲስ» ውስጥ፣ ከዚያ «የመጨረሻ» ውስጥ፣ ከዚያ «እውነተኛ የመጨረሻ» ውስጥ። ሰው የሽሮ አሠራር ጽፎ «በርበሬውን ከእኛ ቤት ጓዳ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አምጣ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? እኛ ዶክተር አልነው።

ፋይሉ ለትምህርት ቤቶቹ ተላከ። የትም አልሠራም። መቼም ጤነኛ ሰው ይሄኔ ፋይሉን ያያል። ግርማቸው ግን ሌላ መላ አመጣ፦ ትምህርት ቤቶች በሙሉ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ «ግርማቸው» የሚባል ተጠቃሚ ይክፈቱ፣ በውስጡም ማህደሮቹን እንዳሉ ይፍጠሩ ብሎ አዘዘ። ማሽኑ የግርማቸውን ቤት ከፈለገ፣ ወለጋን ሁሉ የግርማቸው ቤት ማድረግ ነው እንግዲህ። ስብሰባው ላይ አንድም ሰው አልሳቀም። እኔም ሥራዬን ፈርቼ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ውጤቱን እንዳይ ሲሬ ወደምትባል ከተማ ተላክሁ። የበቆሎ እሸት ጊዜ ነው፤ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ልጆቹ የተጠበሰውን በመስኮት ያቀብላሉ፣ እጄ ጥላሸት እንደለበሰ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። የኮምፒውተር ክፍሉ መምህር ማሽኖቹን አንድ በአንድ አበራልኝ። ሁሉም እየነቁ ግርማቸውን ይቀበላሉ፦ እንኳን ደህና መጣህ ግርማቸው፣ እንኳን ደህና መጣህ ግርማቸው።

«ሊኑክሶቹ ላይ ሠርቷል» አለኝ መምህሩ ፊቱን ሳያፈታ። «ዊንዶውሶቹ ግን ስሙን ተሸክመው ዝም ብለዋል።»

ዝም ማለታቸው ትክክል ነው። ዊንዶውስ አድራሻውን የሚጀምረው ከዲስኩ ፊደል ነው፣ የማህደሮቹ መለያ ጭረትም ወደ ሌላ በኩል ያዘነብላል። የግርማቸውን ስም ብታወርሰውም ቤቱ እዚያ ሰፈር የለም።

ይህን ለግርማቸው ብናገር፣ እንግዲያውስ ዊንዶውስ ይጥፋና ሁሉም ላይ ሊኑክስ ይጫን አለ። የቢላው ቶለሳ ይህን ሲሰማ በማግስቱ ነቀምቴ ከተፍ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ቢሮ ይዤው ገባሁ።

«ዶክተር፣ ዊንዶውሱ ከጠፋ ማተሚያችን አይሠራም» አለው። «ፈተና የምናትመው በእሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ የጨረሱት ልጆችም ጽሕፈት የሚለማመዱት እዚያው ነው፤ ሥራ የሚያገኙት በዚያ ነው።»

«ችግሩ ያለው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው» አለ ግርማቸው። «እኔ ጋ በትክክል ይሠራል። እንግዶች ለጉብኝት ሲመጡ ጀልቀባ ያልተነሳበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹን ይመልሳል።»

«ፋይሉን እኔ ላስተካክለው» አልኩ።

«ወይዘሪት፣ ትክክል የሆነ ነገር አይስተካከልም።»

ደረጃው ላይ ቶለሳ ቆመና ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አሻሸ። «ኦቦሌቲ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው፣ «እነዚህ ከተወሰዱ የእኔ ልጆች ሌላ ኮምፒውተር አያዩም። ቃላቱን ከእነሱ አፍ ነው የለቀምኩት። በቃላቸው የተሠራውን ቋንቋ ሳያዩት ሊቀሩ ነው።» ምን ልበለው? እመጣለሁ አልኩት።

ለሥልጠና ነው ብዬ አስፈቅጄ ወደ ቢላ ሄድኩ። ዋናውን መንገድ ከለቀቅን በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ግራና ቀኙ ግን አደይ አበባ በአደይ ሆኗል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም የታጠበ ነው። የቶለሳ ባለቤት አዴ ጫልቱ አንጮቴ ቀቅላ፣ ከቅቤና ከሚጥሚጣ ጋር አሽታ አቀረበችልኝ። አንጮቴን ያላወቀ ሰው ድንች ይመስለዋል። አይደለም፤ ጠንከር ያለ፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ነው። በእሱ ጉልበት ነው የሠራሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው ራሱ በአንድ ሐሳብ ያልቃል። የግርማቸው ፋይል ለማሽኑ «እንዲህ ነህ» ብሎ ይነግረዋል። የእኔ ፋይል ግን መጀመሪያ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ዊንዶውስ ነህ ወይስ ሊኑክስ፣ መሣሪያህን የት አስቀምጠሃል፣ ማህደር የምትለየው በየትኛው ጭረት ነው። ከመለሰ በኋላ እንደ መልሱ ያደርግለታል። አድራሻውንም ከማንም ቤት አልጀመርኩም፤ ፋይሉ ራሱ ካለበት ቦታ ጀመርኩ። ማሽን መጠየቅ ትሕትና ይጠይቃል፤ ግርማቸው ደግሞ ሰውም ጠይቆ አያውቅም።

መብራት ሲመጣ እሠራለሁ፣ ሲሄድ ከቶለሳ ጋር በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ዊንዶውስ እንቢ አለ፤ የመስመሮቹ ማብቂያ ምልክት እንደየማሽኑ እንደሚለይ ረስቼ ነበር። እሱን ካስተካከልኩ በኋላ ተነሳ። ሁለተኛውም ተነሳ። ከዚያ በኋላ ቶለሳ እኔን ገፍቶ ራሱ ከወንበር ወንበር ይሄድ ጀመር። አንዲት ረጅም ተማሪ ጠራና አስቀመጣት፤ «በሬሲ» ብላ ስሟን አስከተለች። ስሟ ስክሪኑ ላይ ወጣ። በግርማቸው ስም በተከፈተ ኮምፒውተር ላይ የገዛ ስሟን አየች። ቶለሳ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳውን ይጠርግ ጀመር፤ ሰሌዳው ላይ ምንም አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል።

እንግዶቹ መጡ። ግርማቸው ከራቫቱን አሳምሮ ፊት ፊት ይመራል። ቢላ ሲደርሱ ማሽኖቹ ሁሉ ይሠራሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ለአፍታ እንኳ አልተገረመም። «እንደምታዩት የእኛ ፋይል በየትኛውም ማሽን ላይ ይሠራል» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቶለሳ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ይውሰደው፣ ኮምፒውተሮቹ ይቅሩልን እንጂ፣ አልኩ በልቤ።

ከምሳ በኋላ እጁን እየታጠበ «እንዲህ ያለ ጥሩ ላብራቶሪ እዚህ መቅረት የለበትም» አለ። «ነቀምቴ ወስደን ሞዴል ማዕከል እናደርገዋለን።»

ቶለሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካልሠራ ትወስዳላችሁ። ሲሠራም ትወስዳላችሁ?» አለው።

«ለልማት ነው» አለ ግርማቸው።

ያን ጊዜ ፍርሃቱ ከላዬ ወረደ። «ዶክተር» አልኩት እንግዶቹ እየሰሙ፣ «ከፋይሉ ውስጥ ስምዎን አውጥቼዋለሁ። የሠራው ለዚህ ነው።» አንዱ እንግዳ ሳል ያዘው። ግርማቸው እጁን ማድረቅ ሳይተው «ደብዳቤ ይደርስሻል» አለኝ። ደረሰኝም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከነቀምቴ ለቀቅሁ።

ኮምፒውተሮቹ በማግስቱ መኪና ላይ ተጫኑ። ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው አዩ። ስክሪኖቹን፣ ኪቦርዶቹን፣ ማተሚያውን ሳይቀር ወሰደ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን ፍላሽ ግን አልነካትም። ጀልቀባ ያለው እሷ ላይ ነበር፤ እሱ ሲመራው የኖረው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅምና ትቷት ሄደ።

ቢላ ውስጥ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ጉራጌ ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበራቸው፤ ለማመልከቻ መጻፊያ የሚሆን አንድ ያረጀ ኮምፒውተርም አላቸው። እኔ ሞክሬው የማላውቀው ዓይነት ዊንዶውስ ነው። ቶለሳ ፍላሿን ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «ጠየቀው፣ መለሰለት፣ ተነሳ» አለኝ። «አሁን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ሸምሱም ተሰልፈዋል።»

የነቀምቴው ሞዴል ማዕከል? ሳልለቅ በፊት በመስኮት አየሁት። ማሽኖቹ አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ግርማቸው ኪስ ነው።

ሰው ሲያረጅ ይለዝባል ይላሉ። እኔ አልለዘብኩም። አላዋቂ ሰው አልንቅም፤ እኔም የማላውቀው ብዙ ነው። የገዛ ጓዳውን ዓለም አድርጎ፣ ጓዳው ውስጥ ያልተገኘውን ልጅ ጥፋተኛ የሚያደርገውን ግን ያኔ ናቅሁት፣ ዛሬም እንቃለሁ፣ ደስ እያለኝ እንቃለሁ። ግርማቸው አንድ ነገር ብቻ ተክሎብኛል። ማንኛውንም ሥራ ለሰው ከመላኬ በፊት ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እያየሁ አንድ ቃል እፈልጋለሁ፤ የራሴን ስም። አብዛኛውን ጊዜ የለም። ባለፈው ወር ግን አንድ መስመር ላይ አገኘሁት፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልወረደልኝም።