ወንዝ ዳር ያስመነጠርኩት ሰስባኒያ

ትናንት ጎረቤቴ ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላሰሯት ፍየል አንድ እቅፍ ቅጠል አምጥተው ጣሉላት። ሰስባኒያ ነበር፤ ቢጫ አበባው ገና አልጠወለገም።

«ለመኖ እንዲህ ያለ የለም። አንተማ ሥራህ ነበር፣ ታውቀዋለህ» አሉኝ።

አውቀዋለሁ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ኢታንግ አጠገብ ባሮ ወንዝ ዳር ባለች መንደር በግብርና ሠራተኛነት ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰስባኒያ አፈር እንደሚይዝ፣ ከብት እንደሚቀልብ ተምሬያለሁ፤ ዘሩም በካርቶን ተልኮልኛል። ለችግኝ የመረጥኩት ቦታ ከእማማ አጁሉ የበቆሎ ማሳ በታች፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። ቁጥቋጦ ወርሶታል።

ስናስመነጥር እማማ አጁሉ መጡ። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው።

«ይሄን አትቁረጥ። ወንዙን የሚይዘው እሱ ነው።»

«ይሄ እኮ ዱር ነው፣ እማማ። እኔ የተሻለ እተክላለሁ።»

ወደ ማሳቸው ተመለሱ። እኔ ሰስባኒያን የማውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነበር፤ በጥር ሙቀት ቅጠሉን ያራገፈውን እንጨት በምን ልለየው?

ችግኞቼ ሰኔ ላይ፣ ገና ሳይተከሉ፣ ከተፈሉበት ላስቲክ አልፈው አበቡ። በዚያው ሳምንት በታንኳ ወደ ላይ ስንሄድ ዳር ዳሩን ያንኑ አበባ አየሁ፤ ቢጫ፣ ጀርባው ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት። ያስመነጠርኩት ራሱን ሰስባኒያን ነበር! ያን ቀን ሄጄ መናገር፣ ችግኞቹንም ቶሎ መትከል ነበረብኝ። አፈርኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ ክረምቱ ገባ።

ነሐሴ ላይ ባሮ ሞላ። አንድ ጠዋት ዳርቻው ተደረመሰና የእማማ አጁሉን በቆሎ ግማሹን ይዞት ሄደ። የኔም ችግኞች አብረው ሄዱ።

ስደርስ የተረፈውን እሸት እየሸለቀቁ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «የቆረጥኩት ያው እኔ ያመጣሁት ተክል ነው። ሰኔ ላይ አውቄ ዝም አልኩ።»

እሸቱን አስቀመጡ። «ሰኔ?»

«ሰኔ።»

«ልጆቼ ይሄን ነበር የሚበሉት» አሉ።

ውሃው ሲጎድል መቆፈሪያ አቀበሉኝ። ከላይኛው ዳርቻ የደረቀ የሰስባኒያ ፍሬ እየለቀምን በተደረመሰው ዳር ሁለት ሳምንት ዘራን። ምሳ ሰዓት የተጠበሰ ዓሣ ከፊቴ ያስቀምጡልኝ ነበር፤ አያዋሩኝም።

ከዚያ ወዲህ መቲም ፑኝዶም ሠርቻለሁ። የትም ስሄድ መሬት ከመንካቴ በፊት እዚያ የኖረ ሰው እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ ትሕትና ይሉታል፤ ፍርሃት መሆኑን እኔ አውቃለሁ። እማማ አጁሉ ካረፉ ቆዩ። በሕይወት ሳሉ ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ደጃቸው ደርሻለሁ፤ ሰላም ብያቸው እመለስ ነበር።